«አይቦል»፦ የ1975ቱ የጣሊያን ጃሎ ምኑ ያምራል፣ ምኑ ይጎድለዋል?

ወላጆቻችን «ጃሎ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ፉከራና አዳኝ ነው። በጣሊያንኛ ግን ጃሎ ማለት ቢጫ ነው። ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ ከ1929 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የወንጀል ልብ ወለዶችን በቢጫ ሽፋን ስላወጣ፣ ጣሊያኖች የወንጀል ታሪክን በሙሉ «ቢጫ» ማለት ለመዱ። በ60ዎቹና በ70ዎቹ ስሙ ወደ ፊልም ተሻገረ። ጓንት ያጠለቀ፣ ፊቱ የማይታይ ገዳይ፣ ስለት፣ የሚያምር ሙዚቃ፣ በመጨረሻም ያልተጠረጠረ ሰው፤ ጃሎ በአጭሩ ይሄ ነው።

ከነዚህ ፊልሞች መካከል ኡምበርቶ ሌንዚ በ1975 ያወጣውን መርጫለሁ። እዚህ አሜሪካ የሚታወቀው «አይቦል» በሚል ስም ነው። የጣሊያንኛው ርዕስ ስለ ቀይ ድመቶችና መውጫው ስለማይታወቅ የመስታወት ቤት ያወራል። ግር አይበላችሁ፤ ዳሪዮ አርጀንቶ በ1970 ርዕሱ ላይ ወፍ ያለችበት ፊልም ሠርቶ ከተሳካለት በኋላ ሁሉም ርዕሱ ላይ እንስሳ መጨመር ጀምሮ ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ከተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ ያገኘሁት አንድ ስም ነው፤ ኢነስ ፔሌግሪኒ። አባቷ ጣሊያናዊ፣ እናቷ ኤርትራዊት ናቸው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አሜሪካውያን ቱሪስቶች በአውቶቡስ ባርሴሎናን ይጎበኛሉ። ቀይ የዝናብ ልብስና ቀይ ጓንት ያደረገ ሰው ከመካከላቸው ሴቶችን እየገደለ ግራ ዓይናቸውን ያወጣል።

ጥሩ ጎኑን ላስቀድም። ሌንዚ ጥርጣሬን ማከፋፈል ያውቅበታል። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል፤ ካሜራው አንዱ ላይ ትንሽ ሲቆይ «እሱ ነው!» ትላላችሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ። ቀዩ ቀለምም ሥራውን ይሠራል። የትም ጥግ ላይ ቀይ ነገር ብቅ ሲል ሰውነት ይደነግጣል፣ ምንም ባይሆንም። የብሩኖ ኒኮላይ ሙዚቃ ደግሞ ከፊልሙ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሰው እየተገደለ ጉብኝቱ ይቀጥላል! ማንም ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ አይሄድም። እሱን እንኳ ልለፈው። የነርሲንግ ተማሪ ሆኜ ማለፍ የማልችለው የዓይኑን ጉዳይ ነው። ዓይን የሚንቀሳቀሰው በ6 ጡንቻዎች ነው፤ ከኋላው የዕይታ ነርቭ አለ። ሐኪም ዓይን ሲያወጣ ጡንቻዎቹን ለያይቶ፣ ነርቩን ቆርጦ፣ ደሙን አቁሞ ነው፤ ያውም በማደንዘዣ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል። የሌንዚ ገዳይ ግን በጩቤ፣ በጥድፊያ፣ ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው ይጨርሰዋል።

ይሄም ቢሆን ያስቃል እንጂ አያናድድም። የሚያናድደው የግድያው ምክንያት ነው። ገዳዩን አልነግራችሁም፤ ምክንያቱ ግን በልጅነት የደረሰ የአካል ጉዳት ነው። ፊልሙ ይህን በአጭር ትዝታ አሳይቶ ይዘጋዋል። ጃሎዎች ይህን አቋራጭ መንገድ ይወዱታል፤ የተጎዳ ሰው ካለ ገዳዩ ተገኘ ማለት ነው። ጉዳት ደርሶባቸው በሰላም የሚኖሩትን ሰዎች ማን ያስታውሳቸው?

ኢነስስ? ከዚያ በፊት በ1974 ፓዞሊኒ «በሺህ አንድ ሌሊት» ፊልሙ ውስጥ ዙሙሩድ የምትባለውን ባሪያ አጫውቷት ነበር፤ በብልሃቷ ወንድ መስላ ንጉሥ የምትሆነውን። ፊልሙ በዚያው ዓመት ካን ላይ የዳኞችን ልዩ ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ትስቃለች፣ ታዛለች፣ ታሪኩን ትመራለች። በ«አይቦል» ግን የፎቶግራፍ አንሺዋ የሊሳ ፍቅረኛ ናይባ ናት፤ ካሜራው በደንብ ያያታል፣ ከየት እንደመጣች ግን ማንም ከልቡ አይጠይቃትም። በዚያን ጊዜ የጣሊያን ፊልሞች ንግግር በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው ድምፅ ይቀዳ እንደነበር ስታስቡት ነገሩ ይብሳል። የደቀምሓሬዋ ዘውዲ አርአያም በ1972 የጀመረችበት ፊልም ርዕሱ «የጨረቃ ቆዳ ያላት ልጅ» ነበር። ቆዳ! የቀድሞ ቅኝ ገዢ አገር ሲኒማ የእኛን አካባቢ ሴቶች ለመመልከት ቸኩሎ ነበር፣ ለመስማት ግን አልቸኮለም።

በዚያው ሰሞን ኃይሌ ገሪማ እዚሁ ዩሲኤልኤ ይማር ነበር። ንጉሡ በወረዱበት በ1974 ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጸ፤ ገበሬዎቹ በአማርኛ፣ በራሳቸው አፍ ይናገራሉ።

«አይቦል»ን ማየት የምትፈልጉ፣ ደም የማይመቻችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። ለሌሎቻችሁ ግን ከሰው ጋር ሆናችሁ እየተከራከራችሁ ብታዩት ይሻላል። ቤቨርሊ ቡሌቫርድ ላይ ያለው ኒው ቤቨርሊ ሲኒማ የድሮ ፊልሞችን በ35 ሚሊሜትር ያሳያል። ከሊትል ኢትዮጵያ ፌርፋክስን ይዛችሁ ወደ ሰሜን በእግር ብትሄዱ ደግሞ ዊልሸር ላይ የአካዳሚውን የፊልም ሙዚየም ታገኛላችሁ፤ እዚያም ቲያትር አለ። የሁለቱንም ፕሮግራም አልፎ አልፎ ተመልከቱ። ሌንዚንና ኃይሌን በአንድ ቅዳሜ የምታዩ ከሆነ ሌንዚን አስቀድሙ።