ላብ ሲቀር፦ ሐሩርና የህብለ ሰረሰር ጉዳት በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ከሙቀት ጋር መኖር ታውቅበታለች። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተኛች ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ይወጣል። ነዋሪው መላ አላጣም። ጉዳዩን በጠዋት ይጨርሳል፣ ቀትር ላይ ጥላ ይይዛል፣ ሽርጥና ስስ ድሪያ ይለብሳል፣ አመሻሹ ላይ ደጅ ይወጣል። ይህ ሁሉ ብልሃት ግን ማንም ልብ በማይለው አንድ ነገር ላይ ቆሟል፤ ሰውነት ያልበዋል፣ ሲብስበትም ተነስቶ ወደ ጥላ ይሄዳል። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከሁለቱ አንዱን፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም አጥቷል። ስለዚህ በዚህች ከተማ ሙቀት እንደ ሽንት ኢንፌክሽንና እንደ አልጋ ቁስል ሁሉ በሕክምናው መዝገብ ሊገባ ይገባዋል እላለሁ፤ መድኃኒቱም ውድ አይደለም፣ በአመዛኙ ውሃ ነው።

የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ የሚረጋው አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ከቆዳና ከውስጥ አካል ወሬ እየሰማ ትእዛዝ ስለሚልክ ነው። ሲሞቅ የቆዳ ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ የላብ ዕጢዎች ይሠራሉ። ትእዛዙ በህብለ ሰረሰር ወርዶ የሚወጣው ከመጀመሪያው የደረት አከርካሪ አንስቶ እስከ ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ ባለው ክፍል በኩል ነው። አንገቱ ላይ ሙሉ ጉዳት የደረሰበት ሰው መስመሩ ከመነሻው ስለተቆረጠ በሙቀት ምክንያት ፊቱ እንኳ እምብዛም አያልበውም፤ ደረቱ መሐል የተጎዳው ከጉዳቱ በላይ ያልበዋል፣ ከዚያ በታች ደረቅ ነው፤ ታች ወገቡ ላይ የተጎዳው ግን ከሌላው ሰው ብዙም አይለይም። በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍልን በ1944 እ.ኤ.አ. የከፈቱት፣ የፓራሊምፒክን ጥንስስ የጣሉትም ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጉዳቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሰውየው ሙቀት የአካባቢውን አየር ተከትሎ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥናት በአብዛኛው የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞችን ሙቀቱ በሚቆጣጠሩት ክፍል ውስጥ የፈተነ ነው። አንገታቸው የተጎዳ ተጫዋቾች እንቅስቃሴ ካቆሙ በኋላም የውስጥ ሙቀታቸው መጨመሩን ሲቀጥል ታይቷል። የሠለጠነ ስፖርተኛ እንዲህ ከሆነ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚውለው ሰው የተሻለ ይሆናል ብሎ ለመገመት ምክንያት አላይም።

«የድሬ ልጅ ሙቀቱን ለምዶታል» የሚል መልስ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ሰውነት ሐሩርን ይለምዳል፤ ግን እንዴት እንደሚለምድ እንይ። ቶሎና በብዛት ማላብ ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል። የልማዱ ዋና መሣሪያ ላብ ስለሆነ የማያልበው ሰው ከልማዱ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ መንፈሱ ለምዶ ሰውነቱ ሳይለምድ ሊቀር ይችላል፣ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው መከራከሪያ የበለጠ ክብደት አለው፤ የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ እንደ ጅቡቲ ወበቅ አያፍንም ይባላል። እውነት ነው፣ ደረቅ አየር እርጥበትን ቶሎ ያተናል፣ ሲተንም ቆዳን ያቀዘቅዛል። ነገር ግን የሚተን ነገር ከሌለ ደረቅነቱ ምን ይጠቅማል? አየሩ ከቆዳ ሙቀት ጋር ሲስተካከል ደረቅ ቆዳ ላይ የሚነፋ ቬንትሌተር እፎይታው ትንሽ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጭራሽ ሙቀት ይጨምራል። ክርክሩ ስለዚህ ወደ እኔ ይዞራል። ፊትን፣ ክንድንና ደረትን በመርጫ ጠርሙስ ማርጠብ ወይም እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ መጣል የጠፋውን ላብ ከውጭ መተካት ነው፤ ይህ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ እዚህ ይሠራል። መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

በውሃ ላይ ግን አንድ ቋጠሮ አለ። ሽንቱን በካቴተር የሚያስወጣ ሰው ከቤት ሲወጣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ መጸዳጃ ቤት እንደማያገኝ ስለሚያውቅ መጠጣቱን ይቀንሳል። ለቀኑ ብልህነት ይመስላል። ሽንት ሲወፍር ግን ኢንፌክሽንና ጠጠር ይከተላሉ፣ የደረቀ ሰውነትም ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። በዚያ ላይ ፊኛን ለማረጋጋት የሚታዘዙት እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ መድኃኒቶች የቀረችውን ላብ ይቀንሳሉ። በማይሰማ ቆዳ ላይ ደግሞ ፀሐይ የዋለበት የወንበሩ ብረት ወይም የባጃጅ መቀመጫ ሳይታወቅ ያቃጥላል፤ ሙቀትና እርጥበት ከረጅም መቀመጥ ጋር ሲገናኙም የአልጋ ቁስል መንገዱ ይቀልለታል። ስለዚህ ውሃ የሚረጨው ላይኛው አካል ላይ ነው፤ መቀመጫው ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምልክቶቹ መደባለቃቸው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰውነቱ የጋለ ሰው ሲታይ ወባ ይታሰባል፤ ቢታሰብም አይፈረድም። በ2022 እ.ኤ.አ. አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው በከተማ የምትራባ ትንኝ የነበረችበት የወባ ወረርሽኝ ከተማዋን መትቷል፤ ከዚያ በፊትም በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ቺኩንጉንያ ነበሩ። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን ሲግል ወባ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የተመረዘ ቁስል ወይም በቀላሉ የዋለበት ክፍል ሙቀት ሊሆን ይችላል። የክፍሉ ሙቀት ከሆነ ፓራሲታሞል አይረዳም፤ ማቀዝቀዝ ነው የሚረዳው። አቀዝቅዞ መለካትና ወባውን መመርመር አብረው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ለመርጨት የሚጠራቀመው ውሃም ክዳን ይፈልጋል፤ ያቺው ትንኝ በቤት ውስጥ በርሜል ትፈለፈላለች።

ሌላው መደባለቅ ይብሳል። ጉዳቱ በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ፊኛው ሲሞላ ወይም ሆዱ ሲደርቅ ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ የሚባለው ድንገተኛ የደም ግፊት ሊነሳበት ይችላል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ላብም ያጠምቀዋል። በዙሪያው ያለው ሰው «ሙቀቱ ነው» ብሎ ያስተኛዋል። ማስተኛት ግን ግፊቱን ያባብሳል፤ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ልብሱን ማላላት፣ ካቴተሩ መታጠፉን ማየት ነው የሚገባው። በሌላ ጊዜ የማያልበው ሰው ካላበው ላቡ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። መደበኛ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነም ለሌላው ጤነኛ የሚመስል ቁጥር ለእሱ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። የከሰዓቱ በርጫም እዚህ ውስጥ አለበት፤ ጫት ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ያግዳል፣ የልብ ምትና የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፣ የሚቃመውም በቀኑ ሞቃት ሰዓት በተዘጋ ክፍል ነው። ሥነ ምግባር እየሰበክሁ አይደለም፤ ሐኪም ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ከተማዋ ስንት ችግር እያለባት ለጥቂት ሰዎች? የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጉዳት ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። ከዋነኞቹ መንስኤዎች መካከል መውደቅና የመኪና አደጋ አሉ፤ ሁለቱም ለድሬ እንግዳ አይደሉም፣ የአከርካሪ ቲቢም ይታከልበታል። ጠርሙስ፣ ፎጣና ክዳን ያለው በርሜል የበጀት ክርክር አያስነሱም፤ ፊዚዮቴራፒን ወይም የቁስል እጥበትን በጠዋት መቅጠርም እንዲሁ። ገንዘብ የሚፈልገው መጸዳጃ ቤቱ ነው፤ እሱም ቢሆን አዲስ ጥያቄ አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች መግቢያና በቂ ቁጥር ያላቸው መጸዳጃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አስቀድሞ አዝዟል። ድንጋጌው ሲነበብ ብዙ ጊዜ የሚታየው መወጣጫው ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን መጸዳጃው ከበሩ አይተናነስም፤ ሰውየው በግንቦት ቀትር ሳይሰጋ አንድ ሊትር ውሃ መጠጣቱን የሚወስነው እሱ ነው።