ቅቤ ለውሻ ይሆናል?

ቅቤ ለውሻ መርዝ አይደለም። መሬት ላይ ጠብ ያለች ለጋ ቅቤ የላሰ ጤነኛ ውሻ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው መጠኑ ሲበዛ ነው፤ ከዚያም ይልቅ አብሮ የሚነጠረው ነገር ነው። የኢትዮጵያ ማጀት ውስጥ ደግሞ ይበልጥ የሚያሰጋው ይህ ሁለተኛው ነው።

ከመጠኑ እንጀምር። 100 ግራም ቅቤ ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስብ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። የወተት ስኳር እምብዛም የለበትም፤ ስለዚህ ቅቤ በልቶ ያስቀመጠው ውሻ ብዙውን ጊዜ ሆዱን ያወከው ስቡ ነው።

ስብ ለውሻ ባዕድ ምግብ አይደለም። አላስካ ውስጥ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው የኢዲታሮድ ውድድር፣ በረዶ ላይ ሸርተቴ የሚጎትቱ ውሾች በቀን እስከ 10,000 ካሎሪ ያቃጥላሉ፤ ከዚህም ብዙውን የሚያገኙት ከስብ ነው። በር ላይ ተጋድሞ የሚውለው የግቢ ውሻ ኑሮ ግን ሌላ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 1,000 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። የእንስሳት ሐኪሞች ከመደበኛው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ነገር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 100 ካሎሪ አለው፤ ያቺን ድርሻ በአንዴ ይጨርሳታል። 5 ኪሎ ለሆነ ትንሽ ውሻ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ስብ በአንድ ጊዜ ሲገባ ማስመለስና ተቅማጥ ይከተላል። የባሰው የቆሽት መቆጣት ነው። ቆሽት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል፤ እነዚህ ወትሮ ሥራ የሚጀምሩት አንጀት ከደረሱ በኋላ ነው። ቆሽት ሲቆጣ ግን እዚያው ውስጥ ሳሉ ይነቁና ራሱን ቆሽቱን መፍጨት ይጀምራሉ። ውሻው ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ምግብ ይጠላል፣ ይደክማል። አንዳንዱ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ላይ ያስጠጋና የኋላ ጎኑን ከፍ አድርጎ ይቆማል፤ ጨዋታ ያማረው ቢመስልም የሆድ ሕመሙን ማስታገሱ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ሊገድል ይችላል። ወፍራም ውሾች፣ ከዚህ በፊት በቆሽት የታመሙና ትንንሾቹ የሽናውዘር ዝርያዎች ይበልጥ ስለሚጋለጡ ለእነርሱ ቅቤ ጨርሶ ቢቀር ይሻላል።

ወደ ንጥር ቅቤ እንምጣ። ኮረሪማውና በሶብላው ሳይሆኑ ዋናው ስጋት ቀይና ነጭ ሽንኩርቱ ነው። በሁለቱም ውስጥ ያሉ የድኝ ውህዶች የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ሰውነቱ የፈረሰውን ቶሎ ካልተካ ደሙ ያንሳል። ማብሰልም ሆነ ማድረቅ ይህን መርዝ አያጠፋውም። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻን ለመጉዳት 50 ግራም፣ ማለትም አንድ ትንሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት ይበቃል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚያም ይከፋል።

ስለዚህ ንጥር ቅቤ ቢጠለልም ለውሻ አይሰጥም። ከሁሉ የሚከፋው ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ነው፤ በስብ የራሰ ሽንኩርትና ቅመም። ሽታው ውሻ ስለሚጠራ፣ ሰውም መድፋቱ ስለሚያሳሳው ብዙ ጊዜ የሚገባው ወደ ውሻው ሳህን ነው። የበዓል ወጥ የጠጣ እንጀራም እንደዚያው ነው፤ የዶሮ ወጥ ቁሌት ሽንኩርቱ ብዙ ነው፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

የሽንኩርት ጉዳት ተንኮሉ መዘግየቱ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ በዓሉ አልፎ፣ የተሰጠው ነገር ተረስቶ። የውሻውን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዱን ይዩት፤ ወትሮ ሮዝ የነበረው ከነጣ፣ ሽንቱ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቡና ዓይነት ካደላ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰና አልነሳም ካለ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ብዙ ሽንኩርት መብላቱን ካወቁ ግን ምልክት አይጠብቁ። ምን፣ ምን ያህልና መቼ እንደበላ ይናገሩ። ያስመልሰው ብለው ጨው ወይም ዘይት አይጋቱት፤ ሌላ ጉዳት ይጨምርበታል። አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ አንባቢዎች ቀንም ሌሊትም ስልክ ወደሚያነሳው የኤ ኤስ ፒ ሲ ኤ የእንስሳት መመረዝ ማዕከል በክፍያ መደወል ይችላሉ።

ቅቤ ለውሻ የሚጠቅምበት አጋጣሚም አለ። ክኒን አልውጥም ላለ ጤነኛ ውሻ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጨው የሌለባት ለጋ ቅቤ ክኒኑን ሸፍና ታስውጣለች። ከዚህ በቀር ምግቡ ያለ ቅቤ ይሟላለታል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ቤት የሚጠብቅ እንስሳ ደግሞ ከበዓሉ ድርሻ ይገባዋል። ሥጋው ድስት ከመግባቱ በፊት ቁራጭ ይለዩለት፤ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅቤ በውሃ ይቀቅሉለት፤ አጥንቱን ያውጡለትና ከደረቅ እንጀራ ወይም ከሩዝ ጋር ይስጡት። ለውሻው ይህ ሙሉ ግብዣ ነው፤ ለእርስዎም ከበዓል ማግሥት ሐኪም ፍለጋ ከመሮጥ ያድናል።