ስለ ነፍጥ ፈቃድ ዓይነትና በፈቃዱ ስለሚሠራው ሥራ

በምሥራቅ ወለጋ በኪራሙ አገር በቆሎው እሸት በሚይዝበት ጊዜ ገበሬው ሌሊቱን በማማ ላይ ሆኖ ከርከሮንና ጃርትን ሲጠብቅ ያድራል፤ ቀን ደግሞ የዝንጀሮ መንጋ ይመጣበታል። ስለዚህ ባለጠመንጃው «መሣሪያዬን የያዝሁት ለእርሻዬ ነው» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ነፍጡን መያዝ፣ ይዞት መዞርና በእርሱ መተኰስ በሕግ ፊት ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የሚበዛው ክርክር ወደ ወረዳ ሹም የሚመጣው እነዚህ ሦስቱ እንደ አንድ ስለሚቈጠሩ ነው።

ነፍጥ ያለ ደንብ የማይያዝ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ስለ መሣሪያ ንግድ የተደረገውን የሴን ዠርመንን ውል ለመከተል ተስማምታ ነበር፤ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ መሣሪያ ወደ አገሯ ስለሚገባበት ሥርዓት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋራ በፓሪስ ተዋውላለች። ዛሬ በውስጥ አገር የሚሠራበት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177 ነው።

በዚህ ዐዋጅ አንዱ ፈቃድ ለግል ሰው፣ ሌላው ለድርጅት ይሰጣል። የግል ፈቃድ የተሰጠው ለሰውየው እንጂ ለቤቱ ወይም ለዘመዱ አይደለም፤ ስለዚህ ባለፈቃዱ ነፍጡን ለልጁም ሆነ ለእረኛው ማዋስ አይችልም። የድርጅት ፈቃድ ግን ለጥበቃ ሥራ ስለሆነ ዘበኛው ሥራውን ሲለቅ መሣሪያው በድርጅቱ እጅ ይቀራል። ቦምብና የቡድን መሣሪያ ለግል ሰው በማናቸውም ምክንያት አይፈቀድም። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ስፍራ ነፍጥ ይዞ መግባት የለበትም።

ስለ አደን የሚነገረው ሌላ ነው። የዱር እንስሳት በ1999 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 541 ስለሚጠበቁ፣ ጠመንጃ ለመያዝ የተፈቀደለት ሰው በዚያው ፈቃድ አውሬ ማደን አይችልም፤ የአደን ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል። አውሬው አዝመራውን ያጠፋ እንደ ሆነ ጕዳቱ ለግብርናና ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይነገራል። (ወንጭፍና ውሻ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም።)

ይህን ሁሉ ለኪራሙ ሰው መንገር ቀላል አይደለም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የጸጥታ ኀይል ከስፍራው ከተነሣ በኋላ ታጣቂዎች ገብተው ሕዝብ ፈጁ፤ ቀጥሎም የበቀል ግድያ ሆነ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጥቂት ቀን ውስጥ የሞቱት ከ210 በላይ መሆናቸውን ገልጿል። ይህን ያየ ገበሬ ነፍጡን ለማስመዝገብ ቢጠራ «ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ይሠጋል፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ሹሙ ቍጣውን ትቶ ምዝገባና ቅሚያ አንድ አለመሆናቸውን በሽማግሌዎች ፊት ቢያስረዳ፣ የአንዱን ወገን እየመዘገበ የሌላውን ከማለፍም ቢጠነቀቅ፣ ሕዝቡ መሣሪያውን ከጓዳ ያወጣል።

በመዝገቡም የባለቤቱ ስም፣ የነፍጡ ዓይነትና በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ይጻፋል። ባለፈቃዱ የሞተ እንደ ሆነ ወራሹ ቀርቦ በራሱ ስም ይጠይቃል እንጂ በሟቹ ወረቀት አይዞርም።