ቅጂው ለጐንደር፥ ዋናው ለፓሪስ

አንባቢ ሆይ! የሠዓሊን ሥራ ብዙ ጊዜ አይተሃል፤ ሠዓሊውን ራሱን በሥራው ላይ ሳለ ግን ስንት ጊዜ አየኸው? በአውሮጳ ባሮክ የሚባለው የአሣሣል ዘመን በነበረ ጊዜ ሠዓሊዎች የሥራ ክፍላቸውን መሣል ይወዱ ነበር። ከነዚህ ሥዕሎች እጅግ የታወቀው የሆላንዱ ዮሐንስ ቨርሜር እ.ኤ.አ. ከ1666 እስከ 1668 ገደማ የሠራው ነው፤ ዛሬ በቪዬና ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ሠዓሊው ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል፤ ከፊቱ አክሊል የደፋች ልጃገረድ መለከትና መጽሐፍ ይዛ ቆማለች፤ ብርሃኑ ከግራ በኩል ይገባል።

በዚያው ዘመን በጐንደር ሌላ ዮሐንስ ነግሦ ነበር። ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 የገዙት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ናቸው። የጐንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን በእርሳቸው ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ግድግዳውን በሥዕል የሸለመው ሠዓሊ ግን ራሱን አልሣለም፥ ስሙንም አልተወልንም። ከሥራው እንደምንረዳው የጥጥ ሸማ በግድግዳው ላይ ይለጠፍ ነበር፤ እንደ ዘመኑም ልማድ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፥ ኃጥኡ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። የጐንደር ሠዓሊዎች ከባሕር ማዶ የመጣውንም አልናቁም። እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች እዚህ ደርሰው አብነት ሆነዋቸዋል፤ እነርሱም መልኩን፥ ልብሱንና ቀለሙን ወደ አገራቸው ወግ መለሱት።

በጐንደር ሲሥል ታሪኩ የተመዘገበለት ሠዓሊ ግን ከፈረንሳይ አገር የመጣ ሰው ነው። ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር-ጅቡቲ የጥናት ጓድ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጐንደር ገባ። እዚያም ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል፥ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሠዓሊ ከጓዱ ጋር ነበር። ስምምነቱ የአባ እንጦንስ የቆዩ ሥዕሎች ከግድግዳው ተነሥተው ይወሰዱ፥ በምትካቸውም ሩ የሚሥላቸው ቅጂዎች ይሰቀሉ የሚል ሆነ። ሩም ስሙ የማይታወቀውን የጐንደር ሠዓሊ መስመር በመስመር እየተከተለ ሣለ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934 አሳትሟልና ነገሩ ተደብቆ አልቀረም። ዋናዎቹ ሥዕሎች ፓሪስ ገቡ፤ ዛሬም እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ንብረት ናቸው።

ምናልባት አንተ፥ «ሥዕሉ በፓሪስ በደኅና ተጠበቀ፤ እዚህ ቢሆን ዝናብ ባበላሸው ነበር» ትል ይሆናል። ሙዚየሙ መጠበቁ እውነት ነው፤ መቅዳትም በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን የጐንደር ሠዓሊ ከሮም መጽሐፍ ሲቀዳ የሮም ሰው መጽሐፉን አላጣም። በ1924 ዓ.ም. ግን ቅጂው ለባለቤቱ ተሰጠ፥ ዋናው ተወሰደ። ዝናብ ለሚያሰጋው ሥዕል መድኃኒቱ ጣሪያውን ማደስ ነበር።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይምሰልህ። ከደብረ ታቦር እስከ ወንዛዬ፥ በጋይንትም እስካለችው እስከ ጥንታዊቱ ቤተ ልሔም ድረስ ያለው ደጋ የብዙ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት አገር ነው። ለዕረፍት ወደ አገርህ ስትወርድ፥ ወይም መሥሪያ ቤትህ ወደ ወረዳ ሲልክህ፥ ከግድግዳው የተላቀቀ ሸማ ታይ ይሆናል። ደብዝዟልና በአዲስና በደማቅ ሥዕል ይለወጥ የሚል ሰው ቢነሣ ዝም አትበል። ካህናቱን አስፈቅደህ ፎቶግራፍ አንሣው፤ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ አመልክት፤ ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤትም አንድ ደብዳቤ ጻፍ። ደብዳቤ መጻፍ እንደ ሆነ የተማርከው ሥራ ነው።