የደጋ ረግረግ፣ የምንጭ ውኃና ጤና በመንዝ

በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ሣሩና ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ ቀስ በቀስ ስለሚለቁት፣ ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ ተፋሰሶች ለሚወርዱ በርካታ ጅረቶች መነሻ ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ጓሳውን በየጊዜው ከግጦሽና ከአጨዳ እየከለከለ ጠብቆታል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ በሣሩ ላይ ጫናው በረታ፤ ኋላም በማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃው እንደገና ተጠናክሯል።

ይህ በሁለት መንገድ የጤና ጉዳይ ነው። አንደኛው የውኃው ንጽሕና ነው። ባልታጠረ ምንጭ ሰውና ከብት በአንድነት ሲጠቀሙ፣ ዝናብ በሜዳ የተጣለውን ዓይነ ምድር አጥቦ ያስገባል፤ ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ጃርዲያም ይከተላሉ። በረግረግ ዳር የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ የበጎችን፣ አልፎ አልፎም የሰውን የጉበት ትል ያዛምታሉ።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የውኃው መጠን ነው። ምንጭ ሲርቅ የሚቀዳው ውኃ ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ይሆናል፤ ብርዱ ተጨምሮበትም ገላና ልብስ ሳይታጠብ ይሰነብታል። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ፣ እንዲሁም እከክና ትራኮማ በዚህ ሁኔታ ይስፋፋሉ። መድኃኒት ሕመምተኛውን ይፈውሳል እንጂ ዳግመኛ መያዝን አያስቀርም።

በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ለ3 ደቂቃ ከተንተከተከ ግን ተሐዋስያኑን ለመግደል በቂ ነው። ይሁንና እንጨት ብርቅ፣ ማገዶውም በአብዛኛው ኩበት በሆነበት አገር «ውኃ ሁልጊዜ አፍሉ» የሚለው ምክር ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ለዕለት ፍጆታ ክሎሪን ይቀላል፤ የደፈረሰውን አጥልሎ ከጨመሩ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ውኃው እጅግ ከቀዘቀዘ 1 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ክሪፕቶስፖሪዲየም ክሎሪንን ስለሚቋቋም፣ ያለው ማገዶ በቅድሚያ ለሕፃናትና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሕሙማን መጠጥ ማፍያ ቢውል ይመረጣል።

የጤና ባለሙያው የተቅማጥ ወይም የተስቦ ሕመምተኛ ሲያጋጥመው ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳና ምንጩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቅ፤ መልሱንም በመዝገብ ያስፍር። ከአንድ ምንጭ ተደጋጋሚ ሕመም ከታየ ከወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤትና ከቀበሌው ጋር በመነጋገር ምንጩ እንዲታጠር፣ የከብት ማጠጫው ከታች ተለይቶ እንዲሠራ፣ መጸዳጃ ቤትም ከምንጩ በታችና ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ እንዲቆፈር ማድረግ ይገባዋል። ረግረጉን ከመታረስና ያለ ልክ ከመጋጥ መጠበቅም የዚሁ የበሽታ መከላከል ሥራ አካል ነው።