መጀመሪያ የነዳችው ሚስቱ ነበረች

ይህ ጽሑፍ ስለ ሞተር ነውና አይመለከተንም ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት! በተለይ እናቶች። ግቢያችሁ ውስጥ የተፈታታ ዕቃ የሚከምር ባል ወይም ጎረምሳ ልጅ ካላችሁ ነገሩ በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። “ይኼ ብረታ ብረት መቼ ነው ከዚህ የሚነሣልኝ?” ያላላችሁ ትኖሩ ይሆን?

ሆንዳ የሚለውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሁንና ሆንዳ የአንድ ሰው ስም መሆኑን፣ የሞተር ብስክሌት ሥራውም የተጀመረው ከአሮጌ ዕቃ ተገጣጥሞ በተሠራ ብስክሌት መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሶይቺሮ ሆንዳ በ1906 ጃፓን ውስጥ፣ በሐማማትሱ ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ብስክሌትም ይጠግን ነበር። ልጁ በቶኪዮ የመኪና ጥገና ተማረ፤ በ1935 ሳቺን አገባ፤ በጦርነቱ ዘመን ደግሞ የፒስተን ቀለበት ማምረቻ ነበረው። ከፋብሪካዎቹ አንዱ በቦምብ ተመታ፣ ሌላው በ1945 መጀመሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፈውን ሸጦ ቤቱ ተቀመጠ።

እስቲ ያንን ጊዜ አስቡት። ከተማው በቦምብ ተደብድቧል። ምግቡም ቤንዚኑም በራሽን ነው። ባቡሩ እግር ማስገቢያ የለውም። የከተማ ሴቶች የሚበላ ነገር ፍለጋ በብስክሌት ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ ሳቺም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ፔዳል እየረገጡ ሄዶ፣ ሸክም ጭኖ፣ ደግሞ ያንኑ መንገድ እየረገጡ መመለስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨርስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በ1946 ሆንዳ አንድ ወዳጁ ቤት ትንሽ ሞተር አየ። ሞተሩ የጃፓን ጦር ለመገናኛ ሬዲዮው ኤሌክትሪክ ያመነጭበት የነበረ ነው። ጦሩ ፈርሷል፣ ሞተሩም ሥራ ፈትቷል። ሆንዳ ግን ወዲያው ብስክሌት ላይ ሊያስረው አሰበ። ቤንዚኑ በምን ይያዝ? ጃፓኖች በብርድ ጊዜ የሞቀ ውኃ ሞልተው አልጋ ውስጥ የሚያስገቡት ዕቃ አለ፤ ከቤት እርሱን አንሥቶ የነዳጅ መያዣ አደረገው። (ይህን የምታነብ ሚስት “የእኔን ዕቃ!” ማለቷ አይቀርም።)

በመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩ ከመሪው ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ በላስቲክ የተለበጠች ጥቅልል የፊቱን ጎማ እየታከከች ታዞረው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ችግሩ ግን ጥቅልሏ ጎማውን ትበላዋለች። የዚያን ጊዜው ጎማ ደግሞ በቀላሉ የሚያልቅ ስለነበረ ብዙ አልቆየም። ስለዚህ ሞተሩን ወደ መሐል አውርዶ ኃይሉ በቺንጋ ወደ ኋላው ጎማ እንዲተላለፍ አደረገ። ቤንዚን እንደ ልብ ስለማይገኝ ከጥድ ሥር የሚወጣ ዘይት ይቀላቀልበት ነበር።

ከዚያስ? ብስክሌቱን ቤት አምጥቶ ሚስቱን “እስቲ ንጂው” አላት!

ሆንዳ በኋላ ዘመን ሲያወራ፣ ምግብ ፍለጋ ስትደክም ማየት ስላልቻለ እንደሠራላት ይናገር ነበር። ሳቺ ደግሞ ይህ ወሬውን ለማሳመር በኋላ የተጨመረ ነው፣ ትንሽ እውነት ቢኖረውም የፈለገው ሴት ልትነዳው ትችል እንደሆነ ለማየት ነው ብላ ተናግራለች። እኔ ይህን ግልጽነቷን ወድጄዋለሁ። ባሏ በዓለም የታወቀ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳ ታሪኩን አላጋነነችለትም።

ሰው በሞላበት አውራ ጎዳና እንድትነዳ ስለተጠየቀች ሳቺ ካላት ሁሉ የተሻለውን ሞምፔ ለበሰች፤ ሞምፔ የዚያን ጊዜ ሴቶች የሚለብሱት ሰፊ የሥራ ሱሪ ነው። ዞራ ዞራ ቤት ስትመለስ ሱሪው በዘይት ተጨማልቋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ሞተር ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ከዚያ ድብልቅ ጥቂቱ በካርቡሬተሩ አፍ ተመልሶ ይተፋል። ጋራዥ ውስጥ ቱታ ለብሶ ለሚሞክር ሰው ይህ ምንም አይደለም። ጥሩ ልብስ ለብሶ ለሚጓዝ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ሳቺም ይህ አይሆንም፣ ደንበኞችህ ተመልሰው ይቆጡሃል አለችው። በሌላ ቀን ቢሆን ዝም በይ እንደሚላት ታውቃለች፤ ያን ቀን ግን ሳይከራከር ተቀበላት። ብስክሌቱ ለሽያጭ ሲወጣ ዘይቱ እንዳይረጭ ካርቡሬተሩ ተስተካክሎ ነበር።

በጥቅምት 1946 ሆንዳ ሐማማትሱ ውስጥ ትንሽ መሥሪያ ቤት ከፈተ። ወደ 500 የሚሆኑ አሮጌ ሞተሮች ገዝቶ እያንዳንዱን እየፈታ፣ እየጠረገና እያስተካከለ ብስክሌት ላይ አሰረ። እነርሱ ሲያልቁ በ1947 የራሱን ሞተር ሠራ፤ በ1948 ኩባንያው ተመሠረተ። በ1958 የወጣው ሱፐር ካብ ደግሞ በግራ እጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የለውም፤ እግርን ከጭቃ የሚከልል ጋሻ አለው፤ ቀሚስ የለበሰች ሴትም እግሯን ሳታነሣ ትወጣበታለች። እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

አሁን ወደ እኛ ግቢ እንመለስ። ልጃችሁ አሮጌ ብስክሌትና ከተጣለ የውኃ መሳቢያ ላይ የተፈታ ሞተር ይዞ ቢመጣ ምን ትላላችሁ? “አርፈህ ትምህርትህን ተማር” ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ልጁ ጓደኛው ቤት ሄዶ ይሠራዋል፤ ያን ጊዜ የሚጠይቀው ትልቅ ሰው የለም። እኔ የምመርጠው እዚያው ዓይናችሁ ሥር እንዲሠራውና እናንተ እንደ ሳቺ አስቸጋሪ ጠያቂ እንድትሆኑበት ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ስለ ፍሬኑ ጠይቁ። የብስክሌት ፍሬን የተሠራው ሰው በእግሩ ለሚያመጣው ፍጥነት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ መሸከም ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሞተሩ ክብደት ደግሞ በላዩ ላይ አለ። ስለዚህ ሞተሩ ከመታሰሩ በፊት ሁለቱም ፍሬኖች አዲስ ላስቲክና አዲስ ሽቦ ይግባላቸው፣ ጎማዎቹም የተሰነጠቁ አይሁኑ። አሮጌ ሞተር ይታደሳል፤ አሮጌ የፍሬን ሽቦ ግን ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል። የብስክሌቱ አካል በብየዳ የተቀጠለ ከሆነ ብየዳውን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይይለት።

ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ። ውኃ መስሎት የሚያነሣ ሕፃን አለ፤ ከሰልና ምጣድ ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ የቤንዚን ጢስ ራሱ ይቀጣጠላል። ሞተሩም በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሙከራ አይነሣ፤ የሚወጣው ጢስ ሽታው ባይከብድ እንኳ ይገድላል። መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊትም የአካባቢያችሁን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ሞተር የታሰረበት ብስክሌት በሕግ ፊት ብስክሌት ብቻ አይደለም።

ወጪው ቢያስጨንቃችሁ ልጁ ዋጋውን በደብተር እየጻፈ ያሳያችሁ። ምን ከየት እንደተገዛ፣ የትኛው ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደተበላሸ እዚያው ይታያል። አባትየው ደግሞ ቁልፍ ከማቀበል በላይ ብዙም ባይጨምር ይሻላል፤ አባት የሠራው ብስክሌት የልጁ አይሆንም።

ተሠርቶ ሲያልቅም “እማዬ፣ እስቲ ሞክሪው” ማለቱ አይቀርም። እሺ በሉት። ነገር ግን ቺንጋውና ካቴናው ሽፋን ተደርጎላቸው እንደሆነ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ነጠላችሁንም ቤት ትታችሁ ውጡ።