ብሩን ወደ መብራት የምናነሳው ለምንድን ነው? የዋተርማርክ ታሪክ ከእንግሊዝ እስከ ወለጋ

ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ አውርዳችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጥግ ላይ ከወዲያ ወዲህ የሚል ስም አለ። እሱን ለማጥፋት ብለን ስንት አፕ ጭነናል። ያ ምልክት «ዋተርማርክ» ይባላል፤ በአማርኛ የውሃ ምልክት። ነገርየው ግን የስልክ ልጅ አይደለም። ከ700 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የተወለደውም ስክሪን ላይ ሳይሆን እርጥብ ወረቀት ውስጥ ነው።

ዛሬም ኪሳችሁ ውስጥ አለ። በቡና ሰሞን በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በደምቢዶሎ ገበያ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ብር ይቆጠራል፣ ይቆጠራል፣ ከዚያ ነጋዴው አንዷን 200 ብር መዝዞ ወደ ፀሐይ ያነሳታል። አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያያታል። ነቀምቴ ሱቅ ውስጥ ማታ ከሆነ ወደ አምፖል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ በስልክ ባትሪ።

ምን እያየ ነው? «ፎርጅድ እንዳይሆን ነዋ» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ብርሃኑ ምንድን ነው የሚያሳየው? አስመስሎ የሚሠራውስ ሰው ለምን በቀላሉ አይቀዳውም? ዛሬ ይህንን እናብራራለን። ነገሩ ከብር አልፎ ዲግሪያችንን፣ ስክሪንሾታችንን፣ አያቶቻችን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡትን ወረቀት ሁሉ ይነካል።

«ውሃ» የሚለው ስም ከየት መጣ?

ድሮ ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ሳይሆን ከቡትቶ ጨርቅ ነበር። ያረጀ የተልባ እግርና የጥጥ ጨርቅ ይዘፈዘፋል፣ በወንዝ ጉልበት በሚንቀሳቀስ መዶሻ ይወቀጣል፣ በመጨረሻ ቀጭን ሙክ ይመስላል። የወረቀት ፋብሪካ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ «ወፍጮ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ወንዝ ዳር ያለ የውሃ ወፍጮ ነበር።

ሠራተኛው የሽቦ ወንፊት የተዘረጋበት የእንጨት ፍሬም ይዞ ሙኩ ውስጥ ይነክራል፣ ቀጥ አድርጎ ያወጣል። ውሃው በወንፊቱ ይንጠፈጠፋል፣ ክሩ ከላይ ይቀራል። ተጭኖ ሲደርቅ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ምጣድ አስቡ። ምጣዱ ላይ ቀጭን ሽቦ በኮከብ ቅርጽ አስቀምጣችሁ ሊጥ ብታፈሱ እንጀራው ሽቦው ባለበት ይሳሳል። እንጀራውን ወደ መስኮት ብታነሱት በሳሳው በኩል ብርሃን ያልፍና ኮከቡ ይታያል። ዋተርማርክም ይኸው ነው። ሽቦው ወንፊቱ ላይ ይሰፋል፣ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ይሳሳል። ቀለም የለውም። ምልክቱ ወረቀቱ ገና ውሃ እያለ የገባ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ እውነተኛ ዋተርማርክ ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ አይጨመርም። አብሮ ይወለዳል።

ኮከብ፣ የቀልደኛ ቆብ፣ ከዚያም ገመድ

ወረቀት ቻይና ተጀምሮ፣ በሙስሊሙ ዓለም አልፎ አውሮፓ ገባ። ዋተርማርክ የተጀመረው ፋብሪያኖ በምትባል የጣሊያን ከተማ ሲሆን ጊዜው 1282 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ምክንያቱ የንግድ ነበር፤ እያንዳንዱ ሠሪ «ይሄ የኔ ሥራ ነው» ለማለት ነው የተጠቀመበት። እንደ ቲክቶክ ስማችሁ ማለት ነው።

እንግሊዝ ዘግይታ ነው የመጣችው። በታሪክ የሚታወቀውን የመጀመሪያ የወረቀት ወፍጮ ጆን ቴት የተባለ ሰው በ1490ዎቹ ሀርትፎርድ አካባቢ አቆመ። ምልክቱ ክብ ውስጥ ያለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነበር። ግን አልዘለቀም፤ ከፈረንሳይና ከጣሊያን የሚመጣው ወረቀት ገበያውን ይዞት ነበር። በ1588 ጆን ስፒልማን የተባለ ጀርመን ተወላጅ የንግሥቲቱ ጌጣጌጥ ሠሪ ዳርትፎርድ ላይ ወፍጮ ከፈተ። በዓመቱ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ለወረቀት የሚሆን ቡትቶ የመሰብሰብ ብቸኛ መብት አገኘ። ቡትቶ በአዋጅ! ጥሬ ዕቃው ያን ያህል ውድ ነበር።

ምልክቶቹ እየበዙ ሲሄዱ አንዳንዱ የወረቀቱ ስም ሆኖ ቀረ። የቢሮ ሰዎች «ፉልስካፕ» የሚሉት የወረቀት ልክ ስሙን ያገኘው የቤተ መንግሥት ቀልደኛ ቆብ ከሚመስል ዋተርማርክ ነው።

ከዚያ ነገሩ ከንግድ ወደ ገንዘብ ዞረ። ሄንሪ ፖርታል የተባለ በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደደ ሰው በደቡብ እንግሊዝ ሃምፕሻየር ወፍጮ ከፈተና በ1724 የእንግሊዝ ባንክን የገንዘብ ወረቀት ለመሥራት ተዋዋለ። የሱ ልጆችና ድርጅቱ ያን ሥራ ለትውልዶች ያዙት። አስመሳዮች ግን አልተኙም። ስለዚህ በ1773 የባንኩን ዋተርማርክ ያስመሰለ ሰው በሞት እንዲቀጣ ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፤ ወረቀት ላይ ላለ የሳሳ መስመር ነው ገመድ የተዘጋጀው። መንግሥት የፈራው ቀለም የሚያትመውን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን ራሱን መሥራት የሚችለውን ሰው ነበር።

በ1803 ወረቀትን ያለማቋረጥ የሚያወጣ ማሽን ፍሮግሞር በሚባል የእንግሊዝ ወፍጮ ተተከለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ወንፊቱን ራሱን ከፍና ዝቅ አድርጎ በመቅረጽ የሚያበራ መስመር ብቻ ሳይሆን ጥላ ያለው ሥዕል መሥራት ተቻለ። ወረቀቱ በሳሳበት ይበራል፣ በወፈረበት ይጨልማል። ዛሬ በገንዘብ ኖቶች ላይ የምናያቸው ጥላ ያላቸው ምስሎች ከዚያ ዘዴ የመጡ ናቸው።

እኛ ጋ፦ ማህተም ከላይ

በኛ አገር የእውነት ማረጋገጫ ለረጅም ጊዜ ማህተም ነው። ብራና ላይ ዋተርማርክ አይገባማ፤ ብራና ቆዳ ነው። ወረቀት ሲመጣም ከውጭ ተሠርቶ መጣ፣ እኛ ከላይ ማህተም አደረግንበት።

ከወለጋ ጥሩ ምሳሌ አለን። ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ድረስ የተጻፉ በርካታ የአማርኛ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ነቀምቴ ላይ ከነኩምሳ ሞረዳ ቤት ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እና ተሰማ ታአ አዘጋጅተዋቸው በ1997 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በመጽሐፍ ታትመዋል። የወለጋን የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነሱን ሳያይ አያልፍም። ያ ወረቀት ያኔ ተጥሎ ወይም እሳት ማያያዣ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ነገር ዛሬ አይታወቅም ነበር።

ወረቀቱ ራሱ የሚናገርበት ጊዜም አለ። ሐረር ውስጥ በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የድሮ መጻሕፍት ወደ ብርሃን ሲነሱ ሦስት ጨረቃ የሚታይባቸው አሉ። ሦስት ጨረቃ በሰሜን ጣሊያን፣ በቬኒስ አካባቢ፣ ለምሥራቁ ገበያ ይሠራ የነበረ ወረቀት ምልክት ነው። ጸሐፊው ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል ሳይጽፍ ወረቀቱ ከየት እንደመጣ ይመሰክራል።

የወረቀት ገንዘብ ደምቢዶሎ ሲደርስ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ባንክ በምኒልክ ዘመን፣ በእንግሊዞች እጅ ሥር ከነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ነው። የዛሬው አቢሲንያ ባንክ አይደለም፤ ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። ባንኩ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ደምቢዶሎ ናት። ሌሎቹ ሐረር፣ ድሬዳዋና ጎሬ ነበሩ። ጋምቤላም ወኪል ነበረው። ለምን ደምቢዶሎ? የምዕራቡ ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ስለነበር ነዋ።

ባንኩ በ1915 እ.ኤ.አ. የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ያተመው ብራድበሪ ዊልኪንሰን የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ሕዝቡ ግን ወረቀት ቶሎ አላመነም። የለመደው የማሪያ ቴሬዛን ብር ነው። እሱንም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጦች ይቆጥር እንደነበር ይነገራል። ብሩን ወደ ፀሐይ የሚያነሳው የዛሬው ነጋዴ የነሱ ልጅ ነው ማለት ነው።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩ፣ የ200 ብር ኖትም እንደሚጨመር ሲነገር ሁላችንም እናስታውሳለን። ባንክ በር ላይ የነበረውን ሰልፍ ማን ይረሳል። 2.9 ቢሊዮን ኖት ለማሳተም 3.7 ቢሊዮን ብር ወጣ ተባለ። ለማስመሰል የሚያስቸግር ወረቀት ርካሽ አይደለም።

እንዴት እናጣራ?

• ኖቱን መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ እዩት። ምልክቱ ያለ ብርሃንም ቁልጭ ብሎ ከታየ ጠርጥሩ። አስመሳዮች ብዙ ጊዜ በግራጫ ቀለም ያትሙታል፣ ወይም ሁለት ስስ ወረቀት አጣብቀው ሥዕሉን መሐል ይከታሉ።

• ከዚያ ወደ ብርሃን አንሱት። እውነተኛው ቀስ እያለ የሚበራና የሚጨልም ጥላ አለው እንጂ ደረቅ መስመር አይደለም።

• እርግጠኛ ካልሆናችሁ ከሌላ ተመሳሳይ ኖት ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት።

• በጣታችሁ ዳሱት። የገንዘብ ወረቀት ከጥጥ ስለሚሠራ ከፎቶኮፒ ወረቀት ይልቅ ጠንካራና ሻካራ ነው።

• ሱቅ ውስጥ ባለው ሰማያዊ መብራት የኖቱ ወረቀት ማብረቅረቅ የለበትም። ግን ሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስቶ በኦሞ የታጠበ እውነተኛ ብርም ሊያበራ ይችላል። በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ።

ፎርጅድ ከደረሳችሁ «ለሌላው ላሳልፈው» አትበሉ። እያወቁ ማሳለፍ ወንጀል ነው። ደግሞም የሚደርሰው አንድ ማዳበሪያ ቡና ሸጦ ወደ ገጠር ለሚመለስ አባት ሊሆን ይችላል። ወደ ባንክ ውሰዱት።

ስክሪንሾት ወረቀት አይደለም

አሁን ወደ ስልካችን እንመለስ። ክብ ማህተም ዛሬ ማንም ሰው ስካን አድርጎ ያወጣዋል። በቴሌግራም የተላከ የዲግሪ ፎቶ ማህተሙን ያሳያል፣ ወረቀቱን ግን አያሳይም። ፎቶ የሚያነሳው ከላይ ያለውን ነው፤ ከውስጥ ያለው ይቀራል። ቀጣሪ «ኦሪጅናሉን አምጣ» ሲል እያንገላታችሁ አይደለም።

የክፍያ ስክሪንሾትም እንደዚያው። «ልኬልሃለሁ፣ ይኸው» ብሎ ስልኩን የሚያሳያችሁ ሰው ያሳያችሁ ሥዕል ነው። ማረጋገጫው የራሳችሁ አካውንት ውስጥ ነው። ሂሳባችሁን ሳታዩ ዕቃ አታስረክቡ። የድሮው ሕግ አልተቀየረም፤ የላዩን ሳይሆን የውስጡን እዩ።

እንግሊዞች ራሳቸው ዛሬ የወረቀት ገንዘብ ትተዋል። የመጨረሻዎቹ የ20 እና የ50 ፓውንድ የወረቀት ኖቶች ከመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በኋላ መገበያያ መሆናቸው ቀረ፤ አሁን ያለው ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። እሱም ላይ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮት አለ። ወደ ብርሃን ማንሳቱ አልቀረም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ሻምቡም ሁኑ ነቀምቴ፣ አያታችሁ ቤት ሳጥን ውስጥ የድሮ ደብዳቤ፣ የግብር ደረሰኝ ወይም የመሬት ወረቀት ካለ ላሚኔት አታድርጉት። ፕላስቲኩ በሙቀት አንዴ ከተጣበቀ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም። ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጀርባው መብራት ይዛችሁ። ወረቀቱን ግን አትጣሉት። ምናልባት ውስጡ ማንም በቤታችሁ አይቶት የማያውቅ ምልክት ይኖራል። ካገኛችሁ ኮሜንት ላይ አሳዩን።